ከጥቁሩ ነጥብ ሥር

በዚያ ቤተ ሙከራ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችውን ቴክኒሺያን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «በረዶ» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት እቃ አጣቢው ነው፤ ጠዋት በገባች ቁጥር ለሰው ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት በረዶ በባልዲ ስትሞላ ያያት ነበርና። እሷም ብድሩን ሳትመልስ አልቀረችም። አንድ ቀን እስከ ክርኑ በአረፋ ተነክሮ ብታገኘው «ዶክተር ሳሙና» አለችው፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣበቀበት። ሁለቱ በእነዚህ ስሞች እየተጠራሩ፣ አንዱ የሌላውን ሽበት እየቆጠረ፣ በአንድ ኮሪደር አረጁ።

«እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሥራሽን በሰው ቋንቋ አስረጂኝ» አላት አንድ ጊዜ፣ የመስታወት ዕቃ እያለቀለቀ።

«ሕዋስ ማለት ቤት ነው በል። ግድግዳው ስብ ነው፤ ሁለት ረድፍ ስብ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ። ጨው በዚያ በኩል ላልፍ ቢል አይችልም።»

«ታዲያ ባለቤቱ በምን ይወጣል፣ በምን ይገባል?»

«በር አለዋ! በሩ ፕሮቲን ነው። እንደ ክር ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመላለሰ ግድግዳው ላይ የተሰፋ። አንዱ ጨው ያሳልፋል፤ አንዱ ጉልበት እያወጣ ገፍቶ ያስወጣል፤ አንዱ ደግሞ ምንም ሳያሳልፍ ከውጭ የመጣ መልእክት ተቀብሎ ለውስጥ ይናገራል።»

«አንቺ ደግሞ የሰው በር ነቅለሽ ትወስጃለሽ። ሌባ!»

«በምን የምነቅለው ይመስልሃል? በሳሙና። ስቡን ሳሙና ያሟሟዋል፣ በሩ ይወጣል። ከግድግዳው ከወጣ በኋላ ግን ቅርጹ እንዳይበላሽ ሳሙናውም በረዶውም ይዘው ሊያቆዩት ይገባል።»

«እንግዲያው ያንቺም ሥራ ሳሙና፣ የኔም ሥራ ሳሙና። ደመወዛችን ለምን ተለያየ?» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር፣ በረዶ የምትኮራበት ነገር ሌላ ነበር፤ የምትኮራው በመዝገቧ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣችው ፕሮቲን ሁሉ ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ መጠኑ፣ ጥፋቱ ሳይቀር በዚያ ሰፍሯል፤ አንድም የሐሰት መስመር የለበትም። ከመዝገቡ ሌላ ደግሞ መላው ቤተ ሙከራ ከእሷ የወረሰው የነጥብ ሥርዓት አለ። ብልቃጥም ሆነ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላይ በማርከር ነጥብ ይደረግበታል። ጥቁር ከሆነ ፕሮቲኑ ሙሉ ነው፤ ቀይ ከሆነ የተቆረጠ ነው። ጽሑፍ በቅዝቃዜ ይደበዝዛል፣ የቸኮለ ሰውም አያነበውም፤ ነጥብ ግን ማንም ያያል። በዚያ ቤት ሰው ሌላውን ሊያምን ላያምን ይችል ነበር፤ የበረዶን ነጥብ ግን የሚጠራጠር አልነበረም።

በቤተ ሙከራው መግቢያ፣ የረጅም ሰው ቁመት ያህል ሆኖ፣ አንድ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ተሰቅሏል። የልብ ሕዋስ የፖታሲየም በር ሥዕል ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር የተባለው በዚህ ሥዕል ነው። በተማሪነቱ ዘመን የፈሳሽ መምጠጫውን ቱቦ፣ የፒፔትን አያያዝ ያስተማረችው በረዶ ነበረች፤ ያኔ እሱ «እትዬ» ይላት፣ እሷም «አንተ» ትለው ነበር። ማዕረጉ ከፍ ሲል አጠራሩም ተገለበጠ፤ እሱ «በረዶ» ሲላት እሷ «እርስዎ» ትለው ጀመር። ማንም አላዘዛትም፤ እንዲያው ከጊዜ ጋር የመጣ ነገር ነው።

በረዶ ልጅ አልወለደችም። እህቷ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጇን ትታላት ነበርና እሷን አሳደገች። ልጅቷ ቤት ውስጥ ስለ በርና ስለ ስብ ግድግዳ ስትሰማ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለዶክትሬት እዚያው ቤተ ሙከራ መጣች። አክስቲቱ የሕዋስን በር ከግድግዳው ነቅላ ስታወጣ፣ ልጅቷ በተቃራኒው በቦታው እንዳለ ትመረምረው ነበር፤ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ በሕያው ሕዋስ ሽፋን ላይ ለጥፋ፣ በአንዲት በር የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ትለካለች። ያገኘችውም ነገር ራስ ምታት ሆነባት። ክፈት የሚለው ምልክት ሲመጣ በሩ ይከፈታል፤ ነገር ግን ምልክቱ ሳያበቃ፣ ገና «ክፍት ሁን» እየተባለ፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። ልጅቷ ምክንያቱን እንዲህ ብላ ገመተች፦ ፕሮቲኑ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚንጠለጠል ረጅም ጅራት አለው፤ በጅራቱ ጫፍ ቋጠሮ አለ፤ በሩ ሲከፈት ያ ቋጠሮ ገብቶ አፉን እንደ ውታፍ ይወትፈዋል።

ሥዕሉ ግን ይህን አይልም ነበር።

ሰኞ ጠዋት በነበረው ስብሰባ በረዶ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ፕሮፌሰሩ የልጅቷን ወረቀት በሁለት ጣቱ ጫፍ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ሕዋሶችሽ ታመዋል» አላት።

«ሦስት መቶ አሥራ አንዱም?»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ በሳል ሸፈነው። ፕሮፌሰሩ አልሳቀም።

«ነይ እንግዲህ ሥዕሉን እንይ። ይህ ሙሉ ፕሮቲን ነው፣ ከነጅራቱ። በሩም ክፍት ነው። ጅራቱ የሚዘጋው ቢሆን ኖሮ አፉ ውስጥ ተሰክቶ ባየነው ነበር። የታለ? አሳዪኝ!»

«ጅራቱ ሥዕሉ ላይ ጭራሽ አይታይም እኮ።»

«ስለሚወዛወዝ ነዋ! የሚወዛወዝ ነገር ፎቶ አይወጣለትም። ሥራ የሌለው ክር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓለም የተቀበለውን ነገር አንቺ በሦስት መቶ በሽተኛ ሕዋስ ልታፈርሺው ነው?»

«በሕይወት ያለው ሕዋስ ከሥዕሉ ጋር ካልተስማማ፣ መጠየቅ ያለበት ሥዕሉ ነው ብዬ ነው።»

በረዶ ዓይኗን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም። በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ለኮሚቴው ጻፈ፦ ተማሪዋ በአራት ዓመት አስተማማኝ ውጤት ማግኘት ስላልቻለች ትምህርቷ እንዲቋረጥ። ኮሚቴው ሐሙስ እንዲሰበሰብ ተቀጠረ።

በዚያው ማክሰኞ ልጅቷ ቤት ገብታ ምሳም አልቀመሰችም። ወጥ ቤት ቆማ አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

«አክስቴ፣ እጄ ነው ችግሩ?» አለች ዞር ሳትል። «እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ የሰው እጅ ታውቂያለሽ። እጄ ካልሆነልኝ ዛሬውኑ ልተወው።»

«እጅሽ ምንም አይልም» አለች በረዶ።

የቀረውን ዋጠችው። በዚያ ቤተ ሙከራ የልጅቷ እጅ ምንም እንደማይል፣ የታመመውም ሥዕሉ እንጂ ሕዋሶቹ እንዳልሆኑ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ እሷ ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ፕሮፌሰሩ ያኔ ኮንትራቱ ሊያልቅ ወር የቀረው ወጣት ዶክተር ነበር። የፕሮቲንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማንሣት ፕሮቲኑ ክሪስታል መሆን አለበት፤ ክሪስታል ለመሆን ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ፕሮቲኖች እንደ ወታደር አንድ ዓይነት አቋም ይዘው መሰለፍ አለባቸው። ይህ በር አልሰለፍ አለ። ያ ረጅም ጅራት እየተወዛወዘ ሰልፉን ያፈርሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በረዶ አወጣች፣ እሱ ሞከረ፣ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው አተላ ብቻ ሆነ።

ከዚያ የሦስት ቀን ረጅም በዓል መጣና ሁሉም ቤቱ ገባ። በአራተኛው ቀን በረዶ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ስትከፍት ትኩስ አየር ፊቷን መታት፤ ሞተሩ ተቃጥሎ ኖሯል። እንዲህ ሲሆን ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ይደፋል። እሷም ደፋችው። አንዲት ብልቃጥ ብቻ አስቀርታ፣ ጉዳቱን ለማወቅ ያህል፣ ፕሮቲኑን በጄል፣ በረጋ ዝልግልግ ነገር ላይ፣ በኤሌክትሪክ አስሮጠችው። ፕሮቲን በጄል ላይ ሲሮጥ ትልቁ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ትንሹ ወደ ታች ይወርዳል። የእሷ መስመር ከተለመደው ቦታ ወርዶ ተገኘ። ክፍሉ ሲሞቅ በፈሳሹ ውስጥ የነበሩ ኤንዛይሞች ተነሥተው የበሩን ጅራት ግጠው በልተውታል፤ የቀረውን ገላውን ግን አልነኩትም። ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገች። በመዝገቡም በንጹሕ ጽሕፈቷ «ቀዝቃዛው ክፍል ሦስት ቀን ሞቆ ሰንብቷል። ጅራቱ ተቆርጧል። ይጣል» ብላ ጻፈች።

«አትጣይው እትዬ፣ ለኔ ስጪኝ» አለ ወጣቱ ዶክተር። «መቼም ከዚህ የባሰ አይመጣም።»

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ክሪስታሉ እንደ ስኳር ፍሬ አብረቀረቀ። ጅራት የሌላቸው በሮች ቀጥ ብለው ተሰልፈው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንም ጥፋት አልሠራም። ጅራቱ በተቆረጠ ፕሮቲን ሥዕል ማንሣት የተለመደ ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው «ተቆርጧል» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ይህ ሰው ግን ሙሉውን ፕሮቲን አነሣለሁ ብሎ ለአለቆቹ ቃል ገብቶ ነበር፤ የኮንትራቱም ነገር በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ብልቃጧን ይዞ መጣ።

«ይህችን ነጥብ ጥቁር አድርጊልኝ።»

«ቀይ ናት እኮ። ጄሉን አብረን አየነው።»

«አውቃለሁ። ጅራቱ ምንም ሥራ የለውም፣ ማንንም አይጎዳም። አንዲት ነጥብ ናት እትዬ። እሷ ካልሆነች በሚቀጥለው ወር ሻንጣዬን ይዤ መውጣቴ ነው።»

«መዝገቡስ?»

«መዝገቡን ተይው። መዝገብ ማን ያነባል?»

በእጇ ያደገ ልጅ ነበርና አንጀቷን በላት። አልኮል ባጠጣችው ጥጥ ቀዩን ጠረገችው። ቀይ ቀለም ፕላስቲክ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፈዛዛ ሮዝ ጥላ ቀረ። በላዩ ጥቁር ነጥብ አኖረችበት። ከዚያም መዝገቤን አልነካሁም፣ እውነቱ ተጽፏል ብላ ራሷን አጽናናች። እውነትን ማንም በማይከፍተው መዝገብ ጽፎ መተው እውነትን ከመቅበር የሚለየው በጽሕፈቱ ማማር ብቻ እንደ ሆነ ለመረዳት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ታላቁ ማቀዝቀዣ ሄደች። ጓንቷን አድርጋ፣ ብርዱ ቅንድቧ ላይ አመዳይ እየጣለ፣ ከመጨረሻው መደርደሪያ ጥግ ብልቃጧን አወጣች። ከዚያ ናሙና የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች። አንዱን ጓንት አውልቃ ክዳኗን በጥፍሯ ፈገፈገችው፤ ከጥቁሩ ዳር ሮዙ ብቅ አለ። መልሳ አኖረቻትና ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«ፕሮፌሰር፣ ያቺን ብልቃጥ ያስታውሷታል?»

«የትኛዋን?»

«ከጥቁሩ ሥር ቀይ ያለባትን።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መስሎ ነበር።

«ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«የልጅቷ ሕዋሶች አልታመሙም። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው ያሳተምኩትን ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። የሐሙሱን ስብሰባ አስቀርልሻለሁ። ለልጅቷም ሌላ ርእስ እሰጣታለሁ፤ በሁለት ዓመት ትጨርሳለች። ይህን በር ብቻ ትተወው። አንቺም ተይው። ሰላማችንን አንረብሽ።»

መልካም ስጦታ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ዘርግቶ በተቀበለው። በረዶም ለአንድ አፍታ ልቧ ተከፈለ። ነገር ግን ማክሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ የታጠበው ብርጭቆ ትዝ አላት። ልጅቷ ርእሱን ቀይራ ብትመረቅ፣ ማዕረጉን ይዛ፣ እጇን እየተጠራጠረች ትኖራለች፤ አራት ዓመት በትክክል የለካችውን ነገር ዕድሜ ልኳን እንደ ነውሯ ትደብቀዋለች።

«ልጅቷ ‹እጄ ነው ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች በረዶ። «መልሷን ሐሙስ እነግራታለሁ።»

«የምታጠፊው ራስሽን ነው።»

«ይሁን» ብላ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት፣ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ከሌላ ክፍል የመጣች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጭምት ሴት ናት። ልጅቷ ውጤቷን አስረድታ ጨርሳለች። ፕሮፌሰሩ «ሥዕሉ» የሚለውን ቃል ለስንተኛ ጊዜ ሲያነሣ በሩ ተንኳኳ። በረዶ በአንድ እጇ የበረዶ ባልዲ፣ በሌላው መዝገብ ይዛ ገባች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሥዕሉ ላይ ያለው ፕሮቲን ሙሉ አይደለም። ጅራቱ የለም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

መዝገቡን ከፍታ አነበበችው። ከባልዲው ውስጥ ብልቃጧን አንሥታ በጠረጴዛው መካከል አስቀመጠች፤ ጥቁሩ ነጥብ ከነሮዝ ዳሩ ለሁሉም ታየ። የኮሚቴው አባላት አንድ ባንድ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ግማሽ ያህል ተነሥታ እንደዚያው ቀረች።

«ፕሮፌሰር?» አለች ሰብሳቢዋ።

እሱ እንደ ደነገጠ ሰው ግንባሩን ያዘ። «እኔ... ምን እላለሁ? ለእኔም ዱብ ዕዳ ነው። በቤታችን ምልክት የማድረግ ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ክዳኗ ጥቁር የሆነች ብልቃጥ ተቀበልኩ። አምኜ ሠራሁ። ሃያ ዓመት ያመንኩትን እጅ አመንኩ።»

በረዶ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አንተ ነህ ጥቁር አድርጊያት ያልከኝ!» አለች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ «አንተ» የሚለው ቃል ከአፏ አምልጦ። «ቀይ ናት ስልህ ‹አውቃለሁ› አላልከኝም? ‹አንዲት ነጥብ ናት እትዬ› አላልከኝም?»

«እባክሽ ረጋ በይ» አላት በለሆሳስ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት ያለ አነጋገር።

«ሲያዝዝሽ የሰማ ሰው ነበር?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አልነበረም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

«መዝገቡ ላይ መታዘዝሽን ጽፈሻል?»

በረዶ መዝገቡን አየችው። ገጹን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ሞተሩ መቃጠሉ አለ፤ የጅራቱ መቆረጥ አለ፤ «ይጣል» ይላል። ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው። በዚያ መዝገብ የሐሰት መስመር አልነበረም፤ የጎደለ መስመር ግን ነበር፤ እሱንም ያጎደለችው እሷው ናት።

«አልጻፍኩም» አለች።

«ነጥቡንስ የቀየረው ማን ነው?»

«በእጄ እኔ ነኝ። አውቄ ነው የቀየርኩት።»

ሰብሳቢዋ ጻፈች። መዝገቡም ብልቃጧም ለምርመራ ተወሰዱ። መዝገቡ ሲወጣ በረዶ እጇን ትንሽ ዘረጋች፤ ወዲያው መልሳ ሰበሰበችው።

ያን ቀን እቤት ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነበር የጀመረችው።

«አራት ዓመት አየሽኝ አይደል?»

«ዛሬ ተናግሬያለሁ እኮ ልጄ።»

«ዛሬ! ዛሬማ ልባረር ስል ነው። አንዱ ሕዋስ እንቢ ሲለኝ ሌላ፣ ሌላው እንቢ ሲለኝ ሌላ... ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሕዋስ ለምን ለካሁ? ሃምሳው ይበቃኝ ነበር! ራሴን ስላላመንኩ ነው። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ በረዶ ትሞያለሽ። እጄ ነው ወይ ስልሽ ምን አልሽኝ? ‹ምንም አይልም›!»

በረዶ መወቀሷ ተገቢ ነው ብላ አንገቷን ደፋች፤ እንዲያውም የተወቀሰችው በእውነተኛው ጥፋቷ ስለ ነበር ትንሽ ቀለላት።

በብልቃጧ ውስጥ የነበረው ተመረመረ፤ ጅራት የለውም። ልጅቷን የማባረሩም ነገር ቀረ። ልጅቷ በበኩሏ በሕያው ሕዋስ ላይ ጅራቱን ቆርጣ ብትለካ በሩ መዘጋት ተወ፤ ከጅራቱ ጫፍ ያለውን ቋጠሮ ብቻ አሠርታ ብትጨምርለት እንደገና ተወተፈ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊኖር አይችልም። ለመመረቅ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀድሞው ጽሑፍ በመጽሔቱ ላይ መታረም ነበረበት።

እርማቱ ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። ልጅቷ እሑድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አኖረችላትና መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር። አጭር ጽሑፍ ነው፤ ከሥሩ የፕሮፌሰሩና የልጅቷ ስም ጎን ለጎን ሰፍሯል። በረዶ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። በአራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ናሙናው በቴክኒሺያኗ ቸልተኝነት፣ የጅራቱ መቆረጥ ሳይታወቅ፣ ሙሉ ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል።»

«‹ሳይታወቅ› የሚለውን ማን ጻፈው?»

«እሱ ነው። እኔ ስሜን ብቻ...»

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እኔ አውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። ጥፋቴ ማወቄ ነው፤ ለኮሚቴውም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ቸልተኛ ሆኜ አላውቅም።»

«አክስቴ፣ እንደ እውነቱ ‹ሳታውቅ› መባሉ ላንቺም ይሻልሻል። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል። አውቃ አጭበረበረች ከምትባዪ...»

«አውቄ ነው ያልኩሽ።»

«እሺ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «እሱ ካልፈረመ እርማቱ አይወጣም ነበር፤ ካልወጣ አልመረቅም ነበር። የሚፈርመውም እንዲህ ከተባለ ብቻ ነበር። አራት ዓመቴ ነው አክስቴ! አንድ ቃል ነው።»

በረዶ ጽሑፉን በጥንቃቄ ለሁለት አጠፈችው።

«እኔም ያኔ አንዲት ነጥብ ናት ብዬ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በዚያ ቤት አልተነሣም። ልጅቷ ተመረቀች፤ በመግቢያው ላይ የነበረው ሥዕል ወርዶ አዲስ ተሰቀለ፤ በአዲሱ ሥዕል ላይ የበሩ ጅራት እስከ ቋጠሮው በወርቃማ ቀለም ይታያል። ፕሮፌሰሩ ስሕተቱን በድፍረት ያመነ ሊቅ ተብሎ ተመሰገነ። በረዶ ናሙና እንዳትነካ ተደርጎ፣ ጡረታዋ እስኪደርስ ወደ እቃ ማጠቢያው ክፍል ተዛወረች። መዝገቧን መልሱልኝ ብላ ሁለት ጊዜ አመለከተች፤ በማኅደር ተቀምጧል አሏት።

«በመጨረሻ ወደ ሳሙናው መጣሽ» አላት ዶክተር ሳሙና፣ ተጨማሪ ሽርጥ እየሰጣት። ሊያስቃት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን የራሱን ሳቅ ዋጠው። «ግድየለሽም፣ እዚህ ቢያንስ ይሞቃል።»

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ፣ አሁን ዶክተሯ፣ የሚታጠቡ ጠርሙሶች በሳጥን ይዛ መጣች። ሁለት አዳዲስ ተማሪዎች ተከትለዋት ነበር። ሳጥኑን በረዶ አጠገብ አስቀመጠች።

«ክዳኖቹ ላይ ያሉት ነጥቦች ይጥፉልኝ፤ ጠርሙሶቹን እንደገና እንጠቀምባቸዋለን» አለች፤ ለማን እንደ ተናገረች ሳይታወቅ፣ ለክፍሉ እንደ ተናገረች ሁሉ። ዓይኗ ከአክስቷ ዓይን ሊገጥም ሲል ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «እንሂድ» ብላቸው ወጣች።

በረዶ ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ አጠበች። ጥቁር ነጥብ ያለባቸውን ክዳኖች በአልኮል ጠርጋ በጨርቅ ላይ ደረደረች። ቀይ ነጥብ ያለባቸው ሦስት ነበሩ። እነሱን ለይታ አጠገቧ ወደሚያጥበው ወደ ዶክተር ሳሙና ገፋቻቸው።

«እነዚህን አንተ አጥራ።»

«ለምን? ጥጡ እጅሽ ላይ ነው እኮ!»

«አንተ አጥራ አልኩህ። ቀይ እኔ አልደመስስም።»

ዶክተር ሳሙና ክዳኖቹን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጥጡን አጠጣ፣ ጠረገ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ፈዛዛ ሮዝ ጥላ ቀርቶ ነበር፤ በጥፍሩ ፈገፈገና እሱንም አጠፋው። ጊዜ አልወሰደበትም።